ቴልስቶኩን አትንኩ ያላችሁ ማነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ቃሊቲ ባለ አንድ የብረታ ብረት ሼድ ውስጥ ለቶርኖ ሠራተኞችና ለተለማማጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚያስቆርጥ ማሽን ነው፤ ቴልስቶክ አንዱ አካሉ ነው። በአፍ የተባለ ነገር ሲጻፍ ይደርቃል። ስለዚህ ሰው ያቋረጠኝንም መብራት ያቋረጠኝንም እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ እዚያ ላሜራው ላይ ተቀመጡ። ጠርዙ ይቆርጣል፤ ሱሪያችሁን አደራ።

ቶርኖ ቤት በገባችሁበት ሳምንት ሁለት ነገር ተከልክላችኋል። አንደኛው «የቻክ ቁልፍ ቻኩ ላይ ትተህ ማሽን እንዳታስነሳ» ነው። ቻክ ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው ነው። በዚህ ክርክር የለም። ቁልፉ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው «ቴልስቶኩን እንዳትነካ» ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

እኔም ተከልክያለሁ። ሥራ ያስተማሩኝ ሰው በቴልስቶኩ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች ቀይ ቀለም ቀብተዋቸው ነበር። ቀለሙ ተሰንጥቆ የተገኘ ቀን ወዮልን። 6 ዓመት ያህል አልነካኋቸውም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለምን እንደከለከሉን የገባኝ የራሴን ማሽን ገዝቼ ብቻዬን ስቀር ነው። ማሽኑ ይበላሻል ብለው አልነበረም። ከቦታው የወጣ ቴልስቶክ እንዴት እንደሚመለስ እሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም። መመለሻውን ያወቀ ሰው መንካት አይፈራም።

እዚህ አዲስ የገቡ ልጆች ስላሉ ቶሎ ልበል። ቴልስቶክ ከቻኩ ፊት ለፊት ያለው፣ በቤዱ፣ በማሽኑ ረጅም ሐዲድ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተተው ራስ ነው። ረጅም ብረት ስናዞር ጫፉን በሴንተር፣ በሹል መደገፊያ ይደግፍልናል። ፑንታ፣ መብሻውን ስንገጥምበት ደግሞ ይበሳልናል። የጎን ብሎኖቹ ደግሞ ወደ እኛ ወይም ወደዚያ ጎን ይገፉታል። ስሙ የኮሌጅ ነው። ቶርኖ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ ከጣሊያን የወረስናቸው ናቸው፤ ቴልስቶክና ኮምፓውንድ (መቁረጫውን ይዞ በማዕዘን የሚዞረው ትንሽ ተንሸራታች) ከእንግሊዝ መጽሐፍ መጡ። ግማሽ አፋችን ሮም ነው፣ ግማሹ ለንደን። ብረቱ ግን ይገባዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የቴልስቶኩ ጫፍ ከቻኩ መሀል ጋር በአንድ መስመር ላይ ካልሆነ፣ የምትቆርጡት ብረት ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ጫፍ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። ሳትፈልጉት ከመጣ በሽታ ነው። ፈልጋችሁ ካመጣችሁት ሥራ ነው፣ ገንዘብ ያስገኛል። እንቅስቃሴው ግን አንድ ነው።

የእኔ በሽታ የጀመረው ክረምት ላይ ነበር። ማሽኔ ትንሽ ናት። ቻይና ሠራሽ፣ በሁለት ሴንተር መሀል 350 ሚሊ የምትይዝ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያስገባት። ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው በኩል አንድ ክፍል ተከራየሁና የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በአራት ብሎን አሰርኳት። ሚያዝያ ላይ እንደ ሰዓት ትሠራ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ደንበኛ ዘንግ ይዞ ተመለሰ። «ወንድሜ፣ ይሄ በአንድ በኩል ኩሽኔታው አልገባ ይላል፣ በሌላው በኩል ይሾልካል» አለኝ። ለካሁት። እውነቱን ነው። አዲስ ሠርቼ በነጻ ሰጠሁት።

ቴልስቶኩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈታሁ፣ ገፋሁ፣ አጠበቅሁ። ተስተካከለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ሾጠጠ። እንደገና ገፋሁ። ኅዳር ላይ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ዞረ! ያን ጊዜ ጸበል ልወስዳት ሁሉ አስቤ ነበር።

ጥፋተኛው መሬቱ ነበር። ይሄ እኛ የተቀመጥንበት አካባቢ መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በር ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይላል፣ ጥር ላይ ራሱ ይከፈታል። የተከራየሁት ክፍል ወለል ስስ ሲሚንቶ ነበር። መረሬው በአንድ ጥግ ሲነሳ የጠረጴዛውን አንድ እግር አነሳው። ጠረጴዛው ተጠመዘዘ። ማሽኗም በአራት ብሎን ታስራለችና አብራው ተጠመዘዘች። ቤዷ በትንሹ ሲዞር ከላዩ ያለው መቁረጫ ወደ ጎን ይሄዳል። በትንሽ ማሽን ላይ የቤዱ ስፋትና የሴንተሩ ከፍታ ስለሚቀራረቡ፣ በአንድ በኩል 0.1 ሚሊ ከፍ ካለ መቁረጫውም 0.1 ሚሊ ያህል ይሸሻል። በብረቱ ዲያሜትር ላይ ይሄ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ቴልስቶኩን ከመክሰሳችሁ በፊት ያለ ቴልስቶክ ቁረጡ።

እንዲህ ነው። 25 ወይም 30 ሚሊ የሚወፍር ክብ ብረት ቻክ ውስጥ አስሩ። 100 ሚሊ ያህል ወደ ውጭ ይውጣ። ቴልስቶኩን ወደ ኋላ ግፉት፣ ዛሬ አይፈለግም። የብረቱን መሀል ትንሽ ሸርሽሩና ሁለት ቀለበት አስቀሩ፤ አንዱ ቻኩ ሥር፣ ሌላው ጫፉ ላይ። ከዚያ መቁረጫውን በደንብ ሳሉት። የደነዘዘ መቁረጫ ብረቱን ይገፋዋል፣ ያልተደገፈው ጫፍም ይሸሽና ወፍሮ ይቀራል። ያኔ ማሽኑን በሐሰት ትከሱታላችሁ። ክሮስ ስላይዱን (መቁረጫውን ወደ ብረቱ የሚያስገባውን) ሳትነኩ ሁለቱን ቀለበት በአንድ ማለፍ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ። በማይክሮሜትር ለኩ። እኩል ከሆኑ ቤዱ ደህና ነው። ጫፉ ከወፈረ፣ በቴልስቶክ በኩል ካሉት እግሮች እናንተ የቆማችሁበትን፣ የፊተኛውን፣ በስስ ብረት ከፍ አድርጉ። ጫፉ ከቀጠነ የኋለኛውን። እንደገና ቁረጡ፣ እንደገና ለኩ። አሰልቺ ነው። ሌላ መንገድ ግን የለውም።

እኔ ከዚያ ጠረጴዛውን ጣልኩት። ከወፍራም ብረት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ በየድኩ። ሁለቱ እግር በቻኩ በኩል ሰፋ ብሎ፣ አንዱ በቴልስቶክ በኩል። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይጠመዘዝም። እናቶቻችን ጉልቻን ሦስት ያደረጉት ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም። መረሬው አሁንም ያብጣል፤ ማሽኗ ትንሽ ታጋድላለች እንጂ አትጠመዘዝም። ማጋደል ደግሞ ብረት አያሾጥጥም።

ቤዱ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው ቴልስቶኩ ችሎት የሚቀርበው። መጀመሪያ በምላጭ እዩት። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ቻኩ በኩል አንድ ሹል ሴንተር፣ ቴልስቶኩ በኩል አንድ ሹል ሴንተር። የደነዘዘ ምላጭ በሁለቱ ጫፎች መሀል ቀስ ብላችሁ ያዙ፤ ሳትጨፈልቁት፣ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ። ከላይ ተመልከቱ። ምላጩ ከቤዱ ጋር ቀጥ ብሎ ከተሻገረ ጥሩ ነው። አንዱ ጎኑ ወደ ቻኩ፣ ሌላው ወደ ቴልስቶኩ ካዘነበለ፣ ሴንተሩ ወደ ጎን ሄዷል። ከፊት ሆናችሁ ስታዩት አናቱ ከተጋደመ ደግሞ ከፍታው ነው የተለያየው። ዓይን የሚያየው ትልቁን ስህተት ብቻ ነው። ቀሪውን ብረቱ ይነግራችኋል።

አንድ 200 ሚሊ ብረት በሁለት ሴንተር መሀል እናስር። እንደ ቅድሙ ሁለት ቀለበት እናስቀር፣ በመሀላቸው 150 ሚሊ ይኑር። ቆረጥን፣ ለካን። በቴልስቶክ በኩል ያለው በ0.12 ሚሊ ወፍሮ ተገኘ እንበል። ቴልስቶኩን ስንት እንግፋው? ብዙ ሰው 0.12 ይላል። ይሄ ዲያሜትር ነው፤ ግማሹ 0.06 ነው። ግን 0.06 የተፈጠረው በ150 ሚሊ ውስጥ ነው፣ ቴልስቶኩ ያለው 200 ላይ ነው። 0.06ን በ200 አብዙ፣ ለ150 አካፍሉ። 0.08 ሚሊ። ወደ የት? ወፍራም ከሆነ ብረቱ ከመቁረጫው ሸሽቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ እናንተ ሳቡት። ቀጭን ከሆነ ወደዚያ ግፉት።

0.08 ሚሊ በእጅ ስሜት አይገኝም። ዳያል ጌጅ ከቴልስቶኩ በሚወጣው ዘንግ ጎን ላይ አቁሙ። ያን ዘንግ እኔ ምላስ ነው የምለው፣ መጽሐፉ ሌላ ይለዋል። ዜሮ አድርጉት። አንዱን የጎን ብሎን ላሉ፣ ሌላውን አጥብቁ፣ መርፌው 0.08 ሲደርስ አቁሙ። አሁን ቴልስቶኩን ቤዱ ላይ እሰሩት። መርፌውን እዩት፤ ተንቀሳቅሷል! ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሲታሰር ይሸሻል፣ ምላሱ ሲቆለፍም ይሸሻል። ስለዚህ ስትለኩ ሁልጊዜ ታስሮ፣ ተቆልፎ፣ ምላሱም ሥራ ላይ በሚወጣው ልክ ወጥቶ ይሁን።

እንደ እኔዋ ባሉ ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ ማላሊያው ብሎን ከሥር ነው የተደበቀው። ቴልስቶኩን ከቤዱ አውጥታችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ አላልታችሁ፣ በግምት ገፍታችሁ፣ መልሳችሁ ነው የምትለኩት። ይሄን የነደፈው ሰው ማሽኑን አንድ ቀን የሠራበት አይመስለኝም። እኔ ከጎን በኩል ሁለት ቀዳዳ በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼ፣ መግፊያ ብሎን ገጠምኩለት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ እረፍት ነው።

ከፍታው ከተበላሸ ዲያሜትሩን ብዙም አይጎዳውም። ፑንታውን ነው የሚያሳብደው፤ ቀዳዳችሁ ሰፍቶ ይወጣል። ቴልስቶኩ ዝቅ ካለ በታችኛውና በላይኛው አካሉ መሀል ስስ ነገር አግቡ። የለስላሳ ጣሳ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ያህል ነው። በማይክሮሜትር ለክታችሁ ተጠቀሙ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ሾጣጣ መቁረጥ ከፈለግኩ ኮምፓውንዱ እያለ ቴልስቶክ መግፋት ምን አስጨነቀኝ?» አሉ።

ጋሼ፣ ለአጭርና ለደፋር፣ ቶሎ ለሚሾል ሾጣጣ እውነትዎን ነው። ኮምፓውንዱን አዙሮ በእጅ እየገፉ መቁረጥ ነው። ግን ጉዞው ያልቃል፤ የእኔዋ 60 ሚሊ አትሞላም። በእጅ ስለሚገፋም ገጹ እንደ ገፊው ስሜት ይወጣል፤ አንዴ ለስላሳ፣ አንዴ ቁጡ። ረጅምና ለዘብ ያለ ሾጣጣ ሲሆን ቴልስቶኩን ገፍቶ ማሽኑ በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ይሻላል።

ኮምፓውንድ ካነሳን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጫፉ 60 ዲግሪ የሆነ ሹል ሥራ ተባልኩ። ኮምፓውንዱን ከብረቱ መስመር 60 አዞርኩና ቆረጥኩ። የወጣው 120 ነው። ሹል ሳይሆን ሞሰብ ክዳን! ኮምፓውንድ የሚዞረው በግማሹ ነው፣ ምክንያቱም በሌላ በኩል ያለውን ግማሽ ብረቱ ራሱ ዞሮ ይሠራዋል። በዚያ ላይ የአንዳንዱ ማሽን ዜሮ የሚጀምረው ከሌላ ጎን ነው። ቁጥሩን አትመኑ፤ አንድ ጊዜ በስሱ ቆርጣችሁ እዩ። መቁረጫውም ልክ በሴንተሩ ከፍታ ላይ ይሁን። ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የሾጣጣው ጎን ቀጥ አይልም፣ በስሱ ይጎብጣል። ለዓይን አይታይም፣ ሲገጥም ግን አይነክስም።

አሁን እንግፋው። ሒሳቡ አጭር ነው። ወፍራሙ ሲቀነስ ቀጭኑ፣ ለሾጣጣው ርዝመት ተካፍሎ፣ በጠቅላላው ብረት ርዝመት ተባዝቶ፣ ግማሹ። ከ30 ወደ 26 ሚሊ፣ በ100 ሚሊ ውስጥ፣ ብረቱ በጠቅላላ 250 ሚሊ። 4 ለ100 ሲካፈል 0.04፤ በ250 ሲባዛ 10፤ ግማሹ 5 ሚሊ። ተጠንቀቁ፣ የሚቆጠረው የብረቱ ሙሉ ርዝመት ነው። ሁለተኛውን ብረት 10 ሚሊ አሳጥራችሁ ከቆረጣችሁ፣ ቴልስቶኩ ባለበት ቢሆንም ሾጣጣው ሌላ ይሆናል። አስር ተመሳሳይ ዘንግ የተቀበለ ሰው አስሩንም በአንድ ልክ ይቁረጥ።

ቴልስቶኩ ሲገፋ ሴንተሩ በብረቱ ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ተጣሞ ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይጮኻል። ከአሮጌ ኩሽኔታ አንዲት ኳስ አውጡ። ቀዳዳ ባለው ሴንተርና በብረቱ ቀዳዳ መሀል በግራሶ አስቀምጧት። ኳስ በየት በኩል ቢገፏት ግድ የላትም።

መብራት ሄደ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር ሲነሳ ድምፄ አልሰማ አለ፤ ስለዚህ ተጠጋግተን ስለ ሞርስ አወራን። የፑንታችሁ ጭራ፣ የሴንተራችሁ ጭራ፣ ሁሉም ሞርስ የሚባለው ሾጣጣ ነው። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው ስቲቨን ሞርስ ነው፤ ጥምዝ ፑንታን በ1863 በፈረንጅ አቆጣጠር ፓተንት ያስመዘገበው ሰው። በትንንሽ ቶርኖ ቴልስቶክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው 2 ቁጥር ነው። በ20 ሚሊ ርዝመት ዲያሜትሩ 1 ሚሊ ያህል ይቀንሳል። «ያህል» ያልኩት 1 ቁጥሩ 1 ለ20.047፣ 2 ቁጥሩ 1 ለ20.020፣ 3 ቁጥሩ 1 ለ19.922 ስለሆነ ነው። ለምን አንድ ዓይነት እንዳላደረጋቸው ባገኘው እጠይቀው ነበር።

ያለ ብሎን የሚይዘው ለምንድን ነው? የጎኑ ማዘንበል 1 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ። ብረት በብረት ላይ መንሸራተት የሚጀምረው ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ማዘንበል ነው። ስለዚህ አንዴ ከተነከሰ ካልመታችሁት አይወጣም። የሚሊንግ ማሽን 7 ለ24 ሾጣጣ ግን ደፋር ነው፤ ራሱ ይለቃል፣ በብሎን ካልተሳበ አይቆምም። በሞርስ ጭራ ላይ ቅባት ወይም ፍቅፋቂ ካለ ደግሞ ይዞራል፣ ሲዞር ይፋቃል። ሁልጊዜ በጨርቅ ጥረጉት።

መብራቱ ሲመጣ ሼዱ ውስጥ ባለው ትልቁ ማሽን ላይ 2 ቁጥር ሞርስ እንሞክር አልኩ። አንዲት ተለማማጅ ተነሳች። ብረቱ 160 ሚሊ ነው። 1 ለ20 ከሆነ ርዝመቱ ለ40 ይካፈላል፤ 4 ሚሊ። ቴልስቶኩን ዳያል ጌጅ አቁማ በ4 ሚሊ ወደ ራሷ ሳበችው። ቆረጠች። አሁን መፈተሽ አለብን። መደበኛው ሰማያዊ ቀለም ነው፤ በሼዱ የለም። ማርከር ፈለግን፣ ደርቋል። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ሊፒስቲክ አወጣች። ሳቅ ሆነ። ከሰማያዊው የሚያንስ አይምሰላችሁ። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሦስት ስስ መስመር አሰመረች። ውስጡ 2 ቁጥር ሞርስ የሆነ ንጹህ ስሊቭ ውስጥ አስገባችው፣ ሩብ ዙር ብቻ አዞረች፣ አወጣችው።

ቀዩ የተደመሰሰው በወፍራሙ ጫፍ ብቻ ነው። ማለትም ሾጣጣችን ከስሊቩ በልጦ ደፍሯል፤ ወፍራሙ ሲነካ ቀጭኑ በአየር ላይ ነው። «ሒሳቡ ትክክል ነበር እኮ» አለች። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ብረቱ ግን የተያዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም። ሴንተሮቹ በየጎኑ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የቀዳዳውን ጥልቀት ለካችው፤ 3 ሚሊ ያህል በየጎኑ። እውነተኛው ርዝመት 154 ነው። ለ40 ሲካፈል 3.85። ቴልስቶኩን 0.15 መለሰች፣ በስሱ ቆረጠች፣ ሊፒስቲኩን ቀባች፣ አስገባች። ስታዞረው እጇ ላይ ነከሰ። ከስሊቩ ለማውጣት መዶሻ ፈለግን።

ከዚያ ያ የሚፈራው ሥራ ቀረ፤ ቴልስቶኩን መመለስ። እኔ አልነካሁም። ባለ ሁለት ቀለበቱን ብረት አሰረች፣ ቆረጠች፣ ለካች፣ አሰላች፣ ገፋች። ሁለተኛ ጊዜ ቆረጠች። ሦስተኛ ጊዜ። ሰዓቷን አየሁ፤ 25 ደቂቃ ያህል ሆኗል። ማይክሮሜትሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና አነበበች፤ አንዱ 24.62፣ ሌላው 24.61።

«ይቺን አንድ መቶኛ ምን ላድርጋት?» አለችኝ።

«ተያት» አልኳት። «ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።»